ገመዱ ምን ያህል ይርዘም?



ሃምስተር የሚባለው እንስሳ ጭሮ ውስጥ የለም። ከተማችን አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረበት ጊዜም አልነበረም፤ ሂርናም ገለምሶም ብትሄዱ አታገኙትም። ከአይጥ ዘመዶች የሆነ፣ ጅራቱ አጭር፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ፍጥረት ነው። እህል ሲያገኝ ጉንጩን በርጫ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወጥሮ ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። በውጭ አገር ለልጆች እየተገዛ በሽቦ ቤት ውስጥ ይኖራል።

እኔ ያወቅሁት ዶርም ውስጥ፣ ከጓደኛዬ ስልክ ላይ ነው። ቪዲዮው ላይ ሃምስተሩ ሌሊቱን በተገጠመለት መንኮራኩር ላይ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ የትም አይደርስም። አንዱ «ደስ ብሎት ነው» አለ። ሌላው «እስር ቤት ያበደ ነው» አለ። ከዚሻ በኋላ የተጀመረው ክርክር መብራት እስኪጠፋ ቀጠለ፤ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «እናንተ ሐረርጌዎች በሬ አስራችሁ ታደልቡ የለ? አንተ ፍረድ።»

እውነታቸውን ነው። የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ስሙ የታወቀ ነው፤ እንዴት እንደሚደልብ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በኛ ደጋ መሬቱ ጠባብ ነው። ተራራው በእርከን ተይዞ ማሽላውና ጫቱ እስከ ደጃፍ ተተክሏል። ልቅ በሬ የጎረቤት ጫት ውስጥ ከገባ ጉዳዩ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ስለዚህ በሬው ጥቂት ዓመታት ካረሰ በኋላ ከቤቱ ጥግ ይታሰርና መኖው ወደ እሱ ይሄዳል። ማሽላው ሆን ተብሎ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይዘራል፤ እያደገ ሲሄድ እየሳሳ የሚነቀለው ለበሬው ነው። ቀጥሎ ቅጠሉ ይገፈፋል፣ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ አገዳው ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሱት ልጆች ናቸው። ጠዋት ከመድረሳ ተመልሼ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ሸክም ቅጠልና አንድ ጄሪካን ውሃ የኔ ድርሻ ነበሩ። እናቴ ጨው በመዳፏ እያስላሰችው ታወራዋለች። እኛን በዚያ ድምፅ ጠርታን አታውቅም፤ ወንድሞቼ ይመሰክራሉ።

ይህ በሬ ደስተኛ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው አያቴ ይስቁ ነበር። መልሳቸው አንድ ነበረች፦ ወደ ሚኤሶ ቆላ ውረድና ልቅ የሆነውን ከብት እይ። ዝናብ በቀረበት ዓመት ልቅ ከብት ውሃ ፍለጋ ቀናትን ይጓዛል፣ ይከሳል፣ መንገድ ላይ ይወድቃል። የታሰረው ግን በየቀኑ በልቶ ያድራል። አያቴ ልክ ናቸው፤ ልቅነት ብቻውን ጠግቦ ማደርን አያመጣም።

ነገር ግን በሬው ለገበያ ሲፈታ አይቻለሁ። ወራት የተቀመጠው፣ ሰውነቱ የከበደው ሰንጋ ገመዱ ሲላላለት እንደ ጥጃ ይዘላል፣ በእግሩ አየር ይረግጣል፣ ቀንዱን አፈር ውስጥ ይሰካል። ሁለት ሰው ይዞት መቆጣጠር ያቅታል። ገበያ ሲደርስ ነጋዴው ጀርባውንና ታፋውን ዳብሶ ዋጋ ይቆርጣል። ስለ ዝላዩ የሚጠይቅ የለም። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ እንደምታውቁት ሴንሰር የሚነግረን የተገጠመለትን ነገር ብቻ ነው፤ ቴርሞሜትር ስለ ግፊት ምንም አይልም። ስቡ ስለ መኖው ነገረን። ስለ ገመዱ ዝም አለ።

ታዲያ ስለ ገመዱ እንስሳውን በምን ቋንቋ እንጠይቀው? እዚህ ላይ ሃምስተሩ ይጠቅመናል፤ ሰዎች ጠይቀውታልና። በ1930 እ.ኤ.አ. አንድ የእንስሳት ተመራማሪ በሻም ምድር፣ ከሐለብ ከተማ አቅራቢያ አንዲት እናት ሃምስተርን ከነልጆቿ ከእርሻ ውስጥ አስቆፍሮ ወሰደ። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል የዚያች ጎጆ ዘሮች ናቸው። በትውልድ አገሩ ይህ እንስሳ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች ቆፍሮ ብቻውን ይኖራል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች 45 ሃምስተሮችን በሦስት ከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን የሚቆፍረው ፍርፋሪ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 40፣ ሦስተኛው 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ነበረው። ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። 10 ሳንቲ ሜትር የተሰጣቸው ሽቦውን ሲያኝኩ ይውላሉ፣ በመንኮራኩሩም ከሌሎቹ አብልጠው ይሮጣሉ። 80 በተሰጣቸው ዘንድ ሽቦ ማኘክ ጨርሶ አልታየም። ሁሉም እስረኞች ናቸው፤ ሁሉም ጠግበዋል። ልዩነቱ አፈሩ ነው።

ግን ዶርም ውስጥ «አበደ» ላለውም ቶሎ አልፈርድለትም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች መንኮራኩሩን ሜዳ ላይ አስቀመጡት፤ ማንም ያላሰራቸው የዱር አይጦች እየመጡ ሮጡበት፣ ሮጠውም ሄዱ። ሩጫው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው። ሌላም አለ። ብቻውን ስናየው አዝነን ሁለተኛ ሃምስተር ብናስገባለት ይጣላሉ፣ ሊገዳደሉም ይችላሉ። በሬ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የመንጋ እንስሳ ነው፣ ብቻውን ማሰር ለእሱ ሌላ ገመድ ነው። እዝነት ዕውቀት ይፈልጋል።

እኛ ሐረርጌዎች በሻፊዒ ኪታብ ያደግን ስለሆንን፣ ሁላችንም ሕፃን ሆነን የሰማነው የአቡ ዑመይር ሐዲስ አለ። የአነስ ወንድም የሆነው ትንሹ ልጅ ይጫወትባት የነበረች ወፍ ሞታበት ሲያዝን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በፍቅር ስለ ወፏ ጠየቁት። የሻፊዒው ሊቅ ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ ስልሳ ያህል ጥቅሞችን አውጥተዋል፤ ዑለማዎችም ወፍን በቤት ማኖር እንደሚፈቀድ ከሱ ወስደዋል። ስለዚህ ማኖሩ በራሱ ሐራም ነው የሚል ካለ ማስረጃ ያምጣ። በሌላ በኩል ድመቷን ዘግታባት ስለተቀጣችው ሴት ሰምተናል። እዚያ ሐዲስ ላይ ሁለት ነገር ተጣምሯል፤ አላበላቻትም፣ ወጥታ የራሷን እንድትፈልግም አልለቀቀቻትም። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ በሩን የዘጋ ሰው እንስሳው በዚያ በር ወጥቶ ያገኘው የነበረውን ሁሉ ዕዳ ይሸከማል። ምግብ አንዱ ነው። ጥላ፣ ጓደኛ፣ መንቀሳቀሻ፣ ለሃምስተር አፈርም አለበት። ወላሁ አዕለም። አንድ አንሷሪይ አትክልት ቦታ ውስጥ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አይቶ ያለቀሰው ግመል ረሃቡንና ድካሙን ነው የከሰሰው። እሳቸው ሰሙት። የኛ ጆሮ ያንን ስለማይሰማ ነው በሳንቲ ሜትር የምንለካው።

አሁን ወደ ጀመዓችን። አረፋ እየደረሰ ነው፤ ለዑድሒያ በሬ መዋጮ ተጀምሯል። ቢላውን ስለ መሳልና እንስሳውን ስለ ማሳረፍ ከአርበዒን 17ኛው ሐዲስ ያልተማረ የለም፤ በዕርዱ ሰዓት በደንብ እንጠነቀቃለን። ከዕርዱ በፊት ስላሉት ሦስት አራት ቀናት ግን ማንም ተመድቦ አያውቅም። ባለፈው በሬው ፀሐይ ላይ፣ በአንድ ሜትር ተኩል ገመድ ታስሮ፣ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲነሱበት ዋለ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1.5 ሜትር ገመድ ለበሬው 7 ካሬ ሜትር ያህል ይሰጠዋል። ገመዱ 3 ሜትር ሲሆን 28 ይሆናል፤ እጥፍ ገመድ፣ አራት እጥፍ መሬት። የሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። ሁለት በሬ ከተገዛ ገመዳቸው እንዳይጠላለፍ፣ ግን እንዲተያዩ አድርገን በዛፉ ጥላ ሥር እንሰራቸው። ውሃውን በፈረቃ እናመላልስ፤ የመጀመሪያው ፈረቃ የኔ ነው። ገመዱንም እኔ አመጣለሁ። መስጂዱ አጠገብ ያለው መሬት ድንጋያማ ስለሆነ የእንጨት ችካል አይዝም፤ ብየዳ የሚችል ወንድም ካለ ከዐስር ሰላት በኋላ ያግኘኝ።