አባቴን በመጽሐፍ ፈለግኋቸው

እኔ በጉለሌ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «አባቴ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። ከዚያ በፊት «እናቴ» በሚል ርእስ የጻፉትን አርሜ ለመጨረስ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኝ ነበር። ሦስትና አራት ገጽ የሞላ አለ፤ ግጥም የጨመረበት አለ፤ አንዱማ የእናቱን መልክ ሥሎ ከወረቀቱ ጋራ በመርፌ ቍልፍ አያይዞልኛል። የአባቶቹ ወረቀት ግን ከራት በፊት አለቀ። «አባቴ ሹፌር ነው። ያስተምረኛል። እኔም እወደዋለሁ።» ይኸው ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ «አባቴ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይሄዳል» ብላ ጽፋ የቀረውን መስመር ሁሉ ባዶውን ትታዋለች። ቀይ እስክሪብቶዬን እንደ ያዝሁ ወረቀቷን ብዙ ጊዜ ተመለከትሁት። ምኑን ላርመው? ፊደሉ አልተሳሳተ፤ ሰዋስዉም ደኅና ነው።

አንባቢዬ ሆይ፥ ሰውን ከመውቀስ በፊት ራስን መመርመር ይገባልና እኔም በዚያው ሌሊት ወረቀት አውጥቼ ስለ አባቴ መጻፍ ጀመርሁ። «አባቴ ሸማኔ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ይሠራሉ። አስተምረውኛል።» እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ስለ ድርሰት በኮሌጅ ዓመታት የተማርሁ ሰው ከዚያች ልጅ የበለጥኋት በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱ አንቱታ መስሎኝ ነበር። እናቴን «አንቺ» እያልሁ አድጌአለሁ፤ አባቴን ግን እስከ ዛሬ «እርስዎ» እላቸዋለሁ። ዳሩ ግን ከተማሪዎቼ የሚበዙት አባታቸውን «አንተ» ነው የሚሉት፤ ጽሕፈታቸው ግን እንደኔው አጭር ነው። ስለዚህ ነገሩ የአጠራር ብቻ አይደለም። እንግዲያው ሌሎች እንዴት እንደ ጻፉ ልይ ብዬ ወደ መጻሕፍት ዞርሁ።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ሐሳቤን ነግሬው በስልኬ የአንድ የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎች ላከልኝ። መጽሐፉ «ሄር ላቭ» ይባላል፤ የጠጉር ፍቅር ማለት ነው። የጻፈው ማቲው ቼሪ ነው፤ የወጣውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ነው። ከዚሁ ጋራ የተሠራው አጭር ፊልም በተከታዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ይኸን ያህል ውስብስብ አይደለም። አንድ ጥቁር አባት የሴት ልጁን ጠጉር ሊያበጅ ይሞክራል፤ አያውቅበትም፤ ይታገላል። ለተማሪዎቼ ባሳየኋቸው ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፥ እናቷ የት ሄዳ ነው?» አለኝ። ያች ወረቀቷን ባዶ የተወችው ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ሥዕሉን አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ዛሬ በብዛት የሚጽፉበት ምክንያት አላቸው። በ1662 የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ባወጣው ሕግ የሚወለደው ልጅ ባሪያ ወይም ነጻ የሚሆነው በእናቱ ሁኔታ ነበር፤ አባት በሕግ ፊት እንደሌለ ተቈጠረ። ጌታው አባትን ከልጁ ነጥሎ ሊሸጠው ይችል ነበር። ባርነት ከቀረ በኋላም ጥቁር አባት ቤቱን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ነው የሚል ወሬ አብሮት ኖረ። ስለዚህ ልጁን አቅፎ፣ ማበጠሪያ ይዞ የተሣለ ጥቁር አባት ለእነርሱ ተራ ሥዕል አይደለም፤ ለረዥም ስድብ የተሰጠ መልስ ነው።

የእኛስ? የእኛ አባት ከመጽሐፋችን አልጠፋም። እንዲያውም በየገጹ አለ። ነገር ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «ለልጅ ምክር፥ ለአባት መታሰቢያ» ይባላል። ርእሱን ልብ በሉልኝ። ለልጅ የሚደርሰው ምክር ነው፤ ለአባት የሚደርሰው መታሰቢያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ፍቅር በርእሱ ላይ አልተጻፈም፤ እንደ ታወቀ ነገር ታልፏል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይኸን ዐይነቱን መጽሐፍ ደረቅ እለው ነበር። አሁን ግን የደራሲው ኑሮ እንዴት እንዳለቀ ሳስብ እንደዚያ ለማለት አፌ አይደፍርም። በ1929 ዓ.ም. ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በፋሺስቶች እጅ ተገደለ፤ እርሳቸው በእንግሊዝ አገር ስደተኛ ነበሩና ሊቀብሩት እንኳ አልቻሉም። በመስከረም 1931 ዓ.ም. እዚያው በስደት ዐረፉ።

ከዚያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሣሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይኸን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አውጥቼበታለሁ። በውስጡ አባት ሲባል ትዝ የሚለኝ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ፤ የዘር ክብራቸውን ከልጃቸው ከሰብለ ደስታ አስቀድመው የሚመጣውን ሽማግሌ ሁሉ የሚመልሱት ሰው። አንድ ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄጄ ይኸንኑ አጫወትኋቸው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ኩታ ይሠሩ ነበር።

አባቴ ፊደል አልቈጠሩም። መጽሐፉን ግን ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ያነበበውን በወጣትነታቸው ከጓደኞቻቸው ሸማኔዎች ጋራ ሆነው እየሠሩ ሰምተውታል። እንዲያውም በዚያ ሰዓት መወርወሪያው ሁሉ ዝግ ይል ነበር ይላሉ፤ እንዳያመልጣቸው።

«መሸሻን ተወው» አሉኝ። «ቦጋለ መብራቱስ?»

እኔ ቦጋለን ከቁም ነገር ቈጥሬው አላውቅም ነበር። የበዛብህ አባት፣ አንድ ልጁን በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ ድሃ ገበሬ፣ ለታሪኩ መነሻ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነበር ለእኔ። «ልጁን ሰጠ እንጂ ምን አደረገ?» አልኋቸው።

መወርወሪያውን ያዝ አደረጉት። «ድሃ ልጁን ለማኖር የሚሰጠው ከልጁ ከራሱ ሌላ ምን አለው?» አሉ።

አንባቢዬ፥ አባቴ በዘጠኝ ዓመታቸው ከጨንቻ በላይ ካለው ደጋ ከአንድ ዘመዳቸው ጋራ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ናቸው። የላኳቸው አባታቸው ነበሩ፤ ሙያ እንዲማር፣ እህልም እንዳይቸግረው ብለው። በዘመድ ቤት ቀን ቀሰም እያጠነጠኑ፣ ማታ ከዕቃው ሥር እየተኙ አደጉ። አባታቸውን ዳግመኛ ያዩት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ይኸን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሲነግሩን ሁልጊዜ መንገዱንና የመኪናውን ጭነት እያሳቁ ነበር። በዚያ ቀን ግን ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅኋቸው፤ «አባባ፥ አባትዎን ተቀይመዋቸው ያውቃሉ?»

«አዎ» አሉ።

«እስከ መቼ?»

«አንተ እስክትወለድ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ወሬ ለወጥሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ሲያሳፍረኝ የኖረ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት መልስ ቀሰም አጠነጥንላቸው ነበር። ክሩ ጣቴን እየቈረጠው ነበርና አንድ ቀን ደብተሬ ላይ ደም አዩ። ምንም አልተናገሩም፤ ቀሰሙን ከእጄ ወስደው «ከዛሬ ጀምሮ ይኸን አትንካ» አሉኝ። የጎረቤቶቻችን ልጆች ከአባቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ጥለት ሲማሩ እኔ ከደጅ ቀረሁ። እጄ ለሥራ የማይረባ ስለሆነ ነው ብዬ አዘንሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ዘንድሮም አዝናለሁ። ዛሬ ያ የሸማ ዕቃ ወራሽ የለውም። ከእርሳቸው በኋላ ጉድጓዱ ይደፈናል። አባታቸው ልጃቸውን ለሙያው ሰጡ፤ እርሳቸው ደግሞ እኔን ለማኖር የሰጡት ሙያውን ነው። ይኸን በሃያ አምስት ዓመቴ ከመጽሐፍ አስተማሪነቴ ይልቅ በራዲዮ ሰሚነታቸው ተማርሁት።

የዚያችን ልጅ ወረቀት ነገር እንዳልረሳው፤ ማርክ አልሰጠኋትም። ከሥሩ «ማታ ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል?» ብዬ ጽፌ መለስሁላት። በሦስተኛው ቀን አመጣችው። «ዳቦ። ግማሹን ለጠዋት ይደብቅልኛል። የት እንደሚደብቀው እንደማውቅ አያውቅም» ይላል።

አሁን ለአባቴ እሑድ እሑድ ማታ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። ዐይናቸው ደክሟልና መብራት ሲበራ ሥራ ያቆማሉ። የጀመርነው ከሁሉ በፊት በታተመው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው በ«ጦብያ» ታሪክ ነው። ደራሲው በኋላ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋራ መቆሙን ስነግራቸው አባቴ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ቢሆንም «ታሪኩን አንብብ» አሉኝ። የጦር አለቃው አባት በጦርነት ተማረከ፤ አንድ ደግ ነጋዴ ረድቶት ተለቀቀ። ወንዱ ልጅ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ፍለጋ ወጥቶ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደቀ። አባትየውም እንደ ወንድ የለበሰችውን ልጁን ጦብያን አስከትሎ ልጁን ሊፈልግ ተነሣ። እዚህ ላይ ስደርስ አባቴ እጃቸውን አነሡና አቆሙኝ።

«አባትየው ራሱ ሄደ?»

«ራሱ ሄደ።»

«በእግሩ?»

ገጹን ገልጬ ልፈልግላቸው ስል ጊዜ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ቀረብ አሉ። «ቈይ፥ ከዚህ በፊት ካለው ጀምርና እንደ ገና አንብበው» አሉኝ።