ዳማና ደብተር፦ ከጎባና ከሮቤ

«ባሌ ከሄድህ የአረጋውያን መኖሪያ ካለ አይተህ ንገረኝ» ብሎኝ ነበር አንድ ወዳጄ፤ አዲስ አበባ እንዳለው እንደ መቄዶንያ ያለ ማለቱ ነው። ሮቤ ገብቼ የባጃጅ ሾፌሩን ብጠይቀው ዞር ብሎ አየኝና «ወንድም፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው የምትፈልገው?» አለኝ። አይ፣ አብረው የሚውሉ፣ እርስ በርስ የሚማማሩ ሽማግሌዎች ነው አልኩት። «እሱማ ጎባ ውጣ።»

ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን መምህሩ፣ ነርሱ፣ ወታደሩ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው ከየአቅጣጫው ይመደብባት ነበር። መንግሥት ተለወጠ፣ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ሆነ፣ ብዙዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ዳማ ይዘው ያገኘኋቸው ጡረተኞች ከእነሱ ወገን ናቸው። ጠጠራቸው የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ በደረቱ፣ የሌላው በጀርባው የተኛ።

ዳማው ሰበብ ነው። የዕድር መዋጮ ማን እንዳልከፈለ፣ ማን ሆስፒታል እንደተኛ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን መቼ እንደሚተከል የሚነገረው እዚያ ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ወንበሩን ቢያስረክብም ሙያውን አያስረክብም፤ የዕድሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ አያያዛቸው አሁንም የችሎት ነው፣ ሥርዝ ድልዝ የለበትም።

አንድ የቀድሞ መምህር ለጓደኞቻቸው በቴሌብር ገንዘብ መላክ ያስተምራሉ። የማይጥሱት ሕግ አላቸው፦ የተማሪውን ስልክ በእጃቸው አይነኩም። «ልጆቻችን ይቀሙንና ራሳቸው ነካክተው ይመልሱልናል። እንደዚያ መቼ ይለመዳል?» አሉኝ። የምሥጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም ብለው ሳይጨርሱ አንዱ ጋሼ የራሳቸውን ጮክ ብለው አነበቡት፤ በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ትምህርቱ እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ስለ አረጋውያን ትምህርት በየአዳራሹ ከሰማሁት ሁሉ ይህ የመምህሩ ሕግ ይበልጥብኛል።

ወደ ሮቤ ዙሪያ፣ ወደ ስንዴና ገብሱ መንደሮች ስወርድ ነገሩ ሌላ ነው። የደርግ መንደር ምሥረታ ቀድሞ የተጀመረው ባሌ ውስጥ ነው፤ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ተራርቆ የኖረው ገበሬ በመስመር በተሠሩ ቤቶች እንዲሰፍር ተደረገ። ዛሬ ቡና የሚጠራሩ አንዳንድ አሮጊቶች ጎረቤት የሆኑት ያኔ ነው። ጉርብትናው በትእዛዝ መጣ፣ ፍቅሩን ራሳቸው ጨመሩበት። ይህን ዘሎ «መተሳሰብ ባህላችን ነው» የሚል ንግግር ስሰማ ደስ አይለኝም።

የተጋበዝኩት ቡና ቀላ ነው፦ ፍሬው ከነቅርፊቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ። ከጥግ ሲንቄ ቆሟል፤ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር። አንዷ ስትበደል ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ይወጣሉ፣ ጉዳዩ በሽማግሌ ታይቶ በዳዩ ሳይክስ አይገቡም። መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ እንደማይነሳ ለሙሽሮቹ የሚያስተምሩት እነዚሁ አኮዎች ናቸው፤ አያቶቹ እዚህ የሚጠሩት እንዲህ ነው።

ፊደል ላይ ግን ተማሪዎቹ እነሱ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ያስተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ፣ የላቲኑ ፊደል፣ መጣ። ቡናውን ያቀረቡልኝ አኮ በዘመቻው ማንበብ ለምደው ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ሲገልጡ ግን አንድም የሚያውቁት ፊደል የለበትም። አሁን ማታ ማታ ልጅቷ ታስጠናቸዋለች። ያስቸገራቸው የፊደሉ መደጋገም ነው። «አንዱ አይበቃም እንዴ? ቀለም ማባከን ነው» ይላሉ። «አኮ፣ ካልደገምሽው ሌላ ቃል ይሆናል» ትላቸዋለች እንደ መምህር ቆጣ ብላ። ስማቸውን አስጽፋቸዋለች፤ ቀጥሎ የተያዘው ስልኩ ላይ ያሉት የልጆቻቸው ስሞች ናቸው፣ ሲደወል ማን እንደሆነ አንብበው እንዲያነሱ።

ሳነቴ አምባ ላይ ከብት የሚጠብቅ ሽማግሌ ይህ ሁሉ አይደርሰውም። ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ሥር፣ ከቀይ ቀበሮ ጋር መተያየት ከጎረቤት ጋር ከመተያየት ይቀላል። መዋጮ መክፈል ያቃተውም እንደዚያው ነው፤ ከተማ መሃል ቢኖርም ከዕድር መዝገብ ወጥቷል። የጎባዎቹን ስለዚህ ብጠይቃቸው ወሬ ቀየሩብኝ።

ትምህርቱን የሚያጓትተው የእርጅና ስንፍና አይመስለኝም። በረንዳው ላይ አንድ መነጽር ለሦስት ሰው ይዞራል፤ መልእክት የገባለት ተራ ይጠብቃል። አኮም ደብተሩን ክንዳቸው እስኪያልቅ ያርቁታል። የማንበቢያ መነጽር ገበያ ላይ ከባትሪና ከማበጠሪያ ጋር ተዘርግቶ ይሸጣል፣ የሚለካ ሰው የለም፣ ገዢው እያጠለቀ ይመርጣል። በሚመጣው የገበያ ቀን ሊሄዱ ተቃጥረዋል፤ ልጅቷ ደብተሩን ይዛ፣ አኮ አንድ ገጽ ሳያነቡ እንዳይከፍሉ።