መስመሮች ሲናገሩ

በአዋሽ ከተማ የሥዕል ትምህርት እንዳስተምር ሲመድቡኝ ልቤ ከብዶት ነበር። መድረሳ ስቀራ ኡስታዛችን ነፍስ ያለው ነገር እንዳንሥል አጥብቀው ይመክሩን ነበርና።

ከ2017 ዓ.ል. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመር። ታኅሣሥ 26 ሊነጋ ሲል ግን እጅግ በረታ፤ መጠኑ ከ5 በላይ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤቶች ፈረሱ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። ከፈንታሌ ግርጌ የተፈናቀለ አንድ ልጅም እኔ ክፍል ገባ። ለሳምንታት ቃል አልተነፈሰም።

አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ወረቀትና ከለር ሰጥቼ፣ «ሰውም ከብትም አትሣሉ። ያን ሌሊት በልባችሁ የነበረውን በመስመርና በቀለም ብቻ አሳዩኝ» አልኳቸው። ልጁ ጥቁሩን አንስቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ አሽከረከረው። እኔም ሳላስተውል፣ «ወረቀት አታበላሽ!» ብዬ ተቆጣሁ። ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ፣ «ድምፁ ነው» አለ። የምድሪቱ ድምፅ ማለቱ ነበር። ራሴ ያዘዝኩትን ሲፈጽም ነው የተቆጣሁት። አፈርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

በማግሥቱ አባቱ መጡ። «መምህር፣ ሥዕል ሐራም አይደለም ወይ? ለዚያውም ምንነቱ የማይታወቅ ጭረት!» አሉኝ።

መድረሳ የተማርኩትን ነገርኳቸው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በሥዕል ለሚተዳደር አንድ ሰው፣ የግድ ከሆነበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሥል መክረውታል። ቡኻሪ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አራት ማዕዘን ሠርተው፣ ከመሐሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚያልፍ መስመር፣ በጎኑም ትናንሽ መስመሮችን አሠመሩ። መሐለኛው መስመር የሰው ልጅ፣ ማዕዘኑ የከበበው አጀሉ፣ ወደ ውጭ ያለፈው ምኞቱ፣ ትናንሾቹም የሚያገኙት መከራዎች መሆናቸውን ለሶሓቦች አስረዱ። ተስፋና መከራ በመስመር ተነገረ ማለት ነው።

አባት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም፣ «ልጁ ሌሊት እየባነነ ይነሣል» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም፣ «እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉኝ።

በኋላ ቤተሰቡ ሰመራ ወዳሉ ዘመዶቹ ሄደ። ክረምት ላይ ለሥልጠና ሰመራ ስሄድ ጠየቅኋቸው። ልጁ ሥዕል አመጣልኝ። ጥቁሩ ክብ አሁንም አለ፤ ግን አንሷል። ዙሪያውን እናቱ ከዘንባባ እንደምትሠራው ሰሌን ቀይና ቢጫ ጥለት ከብቦታል። ትርጉሙን ከራሴ አልሰጠሁትም። «እስቲ ንገረኝ» አልኩት። ብዙ ነገረኝ፤ አባቱም አጠገባችን ተቀምጠው አዳመጡ።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሲመጣ «ይህ ደግሞ ምንድነው?» ብላችሁ አትጣሉት። «ንገረኝ» በሉት፤ ታግሣችሁም ስሙት። ከለር መድኃኒት አይደለም፤ ፍርሃቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከሰነበተ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ነገር ግን ሐዘን መግለጽ የኢማን ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ለዩሱፍ አዝነዋል፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። አሚን።