የእድሩን ጥሩምባ ስናዛውር

ባለፈው ወር አንድ እናታችን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ከእድሩ አስወጣችሁኝ እንዴ?» አሉኝ። የሚያውቁት ሰው አርፎ፣ ተቀብሮ፣ ሰልስቱም ካለፈ በኋላ ነው ቤተ ክርስቲያን የሰሙት። ቤታቸው ሄጄ ስልካቸውን ስከፍተው መልእክቱ ስፓም ውስጥ ተኝቷል። ያለፉት ሁለት ስብሰባዎች ጥሪም እዚያው አለ።

አገር ቤት ጥሩምባ ነፊው ማለዳ ሰፈሩን ይዞራል፤ አልሰማሁም ማለት የለም። እዚህ ሜሪላንድ ግን አባሉ በየከተማው ስለተበተነ ጥሩምባችን ኢሜይል ነው። እሱን ደግሞ ከአስር ዓመት በላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። በወር ጥቂት ዶላር የምከፍልበት ትንሽ ሰርቨር፣ እሱ ላይ ሜይልማን የሚባል ነጻ ፕሮግራም። ኩራቴ ነበር። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሱኛላችሁ፣ «የራሳችሁን ነገር በራሳችሁ ማሽን ላይ አሠሩ» እያልኩ የማሰለቻችሁ ሰውዬ ነኝ።

ነገሩ መበላሸት ከጀመረ ቆይቷል። በፈረንጆቹ 2014 አፕሪል ላይ ያሁ፣ በእሱ አድራሻ ተጽፎ ከእሱ መውጣቱ ያልተረጋገጠ ኢሜይል ተቀባይነት እንዳያገኝ የሚያደርግ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ዲማርክ ይባላል። የታሰበው ለአጭበርባሪ ነው። ግን የእድር ኢሜይልም የሚሄደው እንደዚያው ነው፦ አንዱ አባል ከያሁ አድራሻው ይጽፋል፣ የእኔ ሰርቨር በእሱ ስም ለሁሉም ያድላል። ፊርማው የአባሉ፣ ፖስተኛው ሌላ። በ2024 ፌብሩዋሪ ደግሞ ጎግልና ያሁ በላኪዎች ላይ ቁጥጥሩን አጠበቁ። እኔ እየጠጋገንኩ ቆየሁ። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ አይደርስም። እውነቱን ልናገር፣ አውቅ ነበር። ኮሚቴው ወደ ኪራይ አገልግሎት እንዛወር ሲል «ለኢሜይል ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» ብዬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ።

ከእናታችን ስልክ በኋላ መከራከሪያ አልነበረኝም።

በስብሰባው ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ስማችን ማን እጅ ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለድርጅቱ የሰጠነው የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነው። ስልክና የወራሽ ስም ጸሐፊዋ ደብተር ላይ ቀረ።

ዝውውሩ ራሱ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ፈተናው ከዚያ በኋላ መጣ። አዲሱ አገልግሎት ለእያንዳንዱ አባል «አባልነትዎን ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ» የሚል ኢሜይል ይልካል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው «ከማታውቁት ሰው የመጣ ነገር እንዳትጫኑ!» ስል ኖሬያለሁ። ሰሙኝ። ከ180 ሰው 50 እንኳ አልተጫነም። (ተማሪዎቼ እንዲህ ቢሰሙኝ ኖሮ!)

ሁለት ሳምንት ማታ ማታ አንድ በአንድ ደወልኩ። ዓይናቸው ደክሞ ኢሜይል ማንበብ ያቆሙ አሉ፤ ልጆቻቸው የሚያነቡላቸው አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈ አባል አድራሻ ላጠፋ ስል ባለቤቱ «ተወው፣ እኔ ነኝ የማነበው» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሰርቨሩን ስጠብቅ ይህን አንዱንም አላውቅም ነበር።

ለእናታችን የሙከራ መልእክት ልኬ ደወልኩላቸው። «ደርሶኛል ልጄ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ሰው ሲሞት ግን ደውልልኝ» አሉኝ። አሁን የሚደወልላቸው 14 ሰዎች ስም ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል።

ወላጆቻችሁ የእድራችን አባል የሆናችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካቸውን ተቀብላችሁ ስፓሙን እዩላቸው። የሚደወልለት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።