ጋላዋ

ኮሞሮስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አውሮፕላን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 በሦስት ጠላፊዎች እጅ ወደቀ። «አውስትራሊያ ውሰደን» አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግራቸውም አላመኑትም። ከአፍሪካ ጠረፍ ሳይርቅ ሊበር ሞከረ፤ ነቁበት፤ ወደ ውቅያኖሱ አዙር አሉት። እሱ ግን በልቡ ወደ ኮሞሮስ ያዘ። ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ከጠላፊዎቹ ጋር ግብግብ ላይ እያለ ማረፊያው ከዓይኑ ተሰወረበትና ከአንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከመሬት 500 ሜትር ገደማ ርቆ፣ ውሃው ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ፤ 50ዎቹ ተረፉ። በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚንም ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

የአደጋውን ቪዲዮ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ክንፉ ውሃውን ይነካል፣ አውሮፕላኑ ያዘነብላል፣ ከዚያ ይሰባበራል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ያ ባሕር የማን ባሕር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የደሴቲቱ ሰዎችና የሆቴሉ እንግዶች በጀልባ ገብተው የተረፉትን ከውሃ እንዳወጡ ሰምቻለሁ፤ በዕረፍት ላይ የነበሩ ሐኪሞች አሸዋው ላይ ቁስለኛ እንዳከሙም እንዲሁ። ሰዎቹ ምን ቋንቋ ይናገራሉ? ምን ይበላሉ? በትምህርት ቤታችን ካርታ ላይ ኮሞሮስ ከራሷ ስም ፊደላት ያነሱ አራት ነጥቦች ነበረች፤ መምህራችንም በእንጨቷ ጫፍ ነካ አድርገው ወደ ማዳጋስካር አለፉ።

መጀመሪያ ያስቆመኝ የሆቴሉ ስም ነው። ሆቴሉ «ጋላዋ» ይባል ነበር። ጋላዋ በኮሞሮስ ቋንቋ ታንኳ ማለት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የምትሠራ ጠባብ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ናት፤ ማዕበል እንዳይገለብጣት ከጎኗ በአግዳሚ እንጨቶች የታሰረ ተንሳፋፊ ግንድ አላት። አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ይይዛታል። ሌሊት በዚህች ነገር ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ ይወጣሉ። የጣና ታንኳ የሚያውቅ ሰው ድፍረቱን ይገምተው።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቶቹ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል፣ የባሕር ሰርጡ ሰሜናዊ አፍ ላይ ናቸው። ስማቸው ከዐረብኛው «ቀመር» የመጣ ነው፣ የጨረቃ ደሴቶች። ነዋሪዎቹ ንጋዚጃ፣ ንዝዋኒ፣ ምዋሊና ማኦሬ ይሏቸዋል፤ ፈረንሳዮቹ ግራንድ ኮሞር፣ አንዡዋን፣ ሞሄሊና ማዮት። አራቱም ከባሕር ወለል የተነሱ እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን የተለያየ ነው። ማኦሬ ከሁሉ ታላቅ ናት። ረጅም ዕድሜዋ ተራሮቿን አሸርሽሮ ዝቅ አድርጓቸዋል፤ ዙሪያዋንም ኮራል ገንብቶ ሰፊና ጸጥ ያለ የውስጥ ባሕር አበጅቶላታል። ንጋዚጃ ገና ወጣት ናት። አናቷ ላይ ያለው ካርታላ 2,361 ሜትር ከፍታ አለው፤ አሁንም ይፈነዳል። በአካባቢው የእሳተ ገሞራ ሥራ አላበቃም። በ2018 ከማኦሬ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕሩ ሥር አዲስ እሳተ ገሞራ ተወለደ፤ ከወለሉ 800 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል፤ «ፋኒ ማኦሬ» ብለውታል።

ወጣትነት ለተራራ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ስለ ውሃ ሳነብ ነው። ንጋዚጃ ላይ ዝናብ ሞልቶ ይዘንባል፤ ወንዝ ግን የለም። ድንጋዩ ገና አፈር አልሆነም፤ ቀዳዳ የበዛበት የላቫ ቋጥኝ ስለሆነ ዝናቡን እንደ ወረደ ይጠጣዋል። ስለዚህ ሰው በየቤቱ ጉድጓድ ገንብቶ ከጣሪያ የሚወርደውን ያጠራቅማል። በኅዳር ወር 2005 ካርታላ ሲፈነዳ እሳቱ መንደር አልበላም። አመዱ ግን ጣሪያው ላይ ወረደ፣ ከጣሪያው ወደ ጉድጓዱ ገባ፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚጠጣው አጣ። ከተራራው እሳት ያመለጠ ሰው በገዛ ጉድጓዱ ተጠማ።

ንዝዋኒ በዕድሜ ከንጋዚጃ ትበልጣለች፤ አፈር አላት፣ ወንዝም አላት። ነበራት ብል ይሻላል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ወንዞቿ ዛሬ በበጋ ይደርቃሉ። እዚህ ጋ ስለ አንድ አበባ ልናገር። ያላንግ ያላንግ ይባላል፤ ቢጫ ነው፣ ቅጠሎቹ እንደ ቀጭን ጥብጣብ የተንጠለጠሉ። ዛፉ ቢተዉት ወደ ሰማይ ይመዘዛል፤ ሴቶች ቆመው እንዲለቅሙት ግን በልጅነቱ አናቱን ይቆርጡታል፣ ቅርንጫፎቹንም ወደ መሬት ያጎብጧቸዋል። ስለዚህ የያላንግ ማሳ ወገባቸው የታጠፈ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡበት ይመስላል። አበባው ጎህ ሲቀድ ይለቀማል፤ ፀሐይ ከበረታችበት ሽታው ይሸሻል። ከዚያ ወደ ማፍያው ጋን ይገባል፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ከታች እሳት፣ ከላይ እንፋሎት፣ በቱቦው ቀዝቅዞ የሚንጠባጠብ ዘይት። መጀመሪያ የወጣው ከሁሉ ውድ ነው። ከ100 ኪሎ አበባ የሚገኘው ዘይት 2 ሊትር ቢሆን ነው፤ እሳቱም ለሰዓታት መንደድ አለበት። በዓለም ስመ ጥር ሽቶዎች ውስጥ የዚህ አገር አበባ አለ። ማገዶው ግን ከየት ይመጣል? ከተራራው ደን። በሕዝብ የተጨናነቀች ትንሽ ደሴት ላይ እርሻም ማገዶም ዛፍ ሲጠይቁ ዛፉ ያልቃል፤ ዛፉ ሲያልቅ ወንዙ ይከተላል። ሽቶ የሚቀቡት ሰዎች ይህን ሒሳብ አያዩትም። ለቃሚዋ ሴት ግን ውሃ ለመቅዳት በሄደች ቁጥር በእግሯ ትከፍለዋለች።

በዚያው ደን ውስጥ ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ጥቁር የሌሊት ወፍ ይኖራል፤ ፍሬ ነው የሚበላው። በንዝዋኒና በምዋሊ ካልሆነ በምድር ላይ ሌላ ቦታ የለም። እዚያም ቢሆን የቀረው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጋላዋ አጥማጆች ልመለስ፤ ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከእነሱ ርቆ ነው። በ1938 ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ አንድ እንግዳ ዓሣ በመረብ ወጣ። የሙዚየም ሠራተኛዋ ማርጆሪ ኮርትኔ-ላቲመር ከተራው ዓሣ ክምር መሃል ለይታ አነሳችው፤ ፕሮፌሰር ጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ ሲያየው ሲላካንት ሆኖ አገኘው። ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ተብሎ በድንጋይ ቅሪት ብቻ ይታወቅ የነበረ ፍጥረት ነው። ችግሩ ሆድ ዕቃው ተበላሽቶ ነበር። ስሚዝ ሁለተኛውን ፍለጋ 14 ዓመት ፈጀበት፤ የዓሣው ሥዕል ያለበት የ100 ፓውንድ ሽልማት ማስታወቂያ አሳትሞ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በተነ። በታኅሣሥ 1952 አሐማዲ አብደላ የሚባል የንዝዋኒ ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆ አንዱን አወጣ። ስሚዝ ለአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ደውሎ የጦር አውሮፕላን አስፈቀደ፤ በርሮ ደርሶ ዓሣውን ሲያይ አለቀሰ ይባላል።

የኮሞሮስ ዓሣ አጥማጆች ግን ያውቁታል። ስም አውጥተውለታል፤ «ጎምቤሳ» ይሉታል። ሥጋው ቅባት ስለሚበዛው እምብዛም አይፈልጉትም፤ ሌሊት ሌላ ዓሣ ሲያጠምዱ አንዳንዴ በስህተት ይወጣባቸዋል። የተማረው ዓለም «ከሞት ተነሳ» ብሎ ሲደነቅ፣ ለእነሱ መንጠቆ የሚያስቸግር ዓሣ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ስንት ነገር «ተገኘ» እየተባለ እንደተጻፈልን ትዝ ይለኛል።

ሕዝቡ ከብዙ አቅጣጫ በባሕር የመጣ ነው። ከአፍሪካ የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች መጡ፤ ከሩቁ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ሩዛቸውን የያዙ መርከበኞች መጡ፤ በኋላም የዐረብና የፋርስ ነጋዴዎች። ቋንቋቸው ሺኮሞሪ የስዋሂሊ ዘመድ ነው፤ ሃይማኖታቸው እስልምና። ሆኖም ቤት የሴት ነው፤ ሲጋቡ ባል ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። ንጋዚጃ ላይ «አንዳ» የሚሉት ታላቅ ሠርግ አለ፤ ያን ያልደገሰ ወንድ ፀጉሩ ቢሸብትም በመንደሩ ሸንጎ እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠርም። ማርሴይ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው ያጠራቀሙትን ለዚያ ድግስ የሚያፈሱ አሉ። ስደት ላይ ያለ ወገን ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የፖለቲካ ታሪካቸውን ሳነብ ደከመኝ፤ እውነቴን ነው። በሐምሌ 6፣ 1975 አሕመድ አብደላ ነጻነት አወጁ፤ ወር ሳይሞላ ተገለበጡ። ኋላ ሥልጣን የያዘው ዓሊ ሶይሊህ ወጣቶችን አስታጥቆ አሮጌውን ሥርዓት ሊነቅል ተነሳ፤ የመንግሥት መዝገቦችን አቃጠለ፤ ታላቁን ሠርግ ከለከለ። ያን ዘመን እዚህ በእኛ አገር ያሳለፈ ሰው ቋንቋውን ያውቀዋል። በ1978 ቦብ ዴናር የሚባል ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር ጥቂት ሰዎች ይዞ በባሕር መጥቶ ገለበጠው፤ ሶይሊህም ተገደለ። አብደላ ተመለሱ፤ በ1989 እሳቸውም በቤተ መንግሥታቸው ተገደሉ። ዴናር በ1995 እንደገና ሲመጣ ነው ፈረንሳይ ራሷ ጦር ልካ የያዘችው። በ1997 ደግሞ ንዝዋኒና ምዋሊ ተገነጠልን አሉ። በ2001 ታርቀው ኅብረት መሠረቱ።

ከሁሉ የሚያመኝ የአራተኛዋ ደሴት ነገር ነው። በ1974 ሕዝበ ውሳኔ ደሴቶቹ ባንድነት ሲቆጠሩ ከመቶ 90 በላይ ነጻነትን መረጠ፤ ማኦሬ ብቻዋን ስትቆጠር ግን አብዛኛው ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ አለ። ፈረንሳይ በየደሴቱ ቆጠረች፤ ማኦሬንም አስቀረች። የኮሞሮስ ባንዲራ እስከ ዛሬ አራት ኮከብ አለው። በ1995 ፈረንሳይ ከሌሎቹ ደሴቶች ለሚመጡት ቪዛ አስገደደች። ከንዝዋኒ እስከ ማኦሬ 70 ኪሎ ሜትር ነው። እኅት እዚህ፣ ወንድም እዚያ፣ የእናት መቃብር እዚህ፣ ሆስፒታሉ እዚያ። ሰው ሌሊት «ክዋሳ ክዋሳ» በሚሏቸው ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ይሻገራል፤ ነፍሰ ጡር ትሻገራለች፣ በሽተኛ ይሻገራል። በሺዎች ሰጥመዋል። ከኦቦክ ተነስተው ወደ የመን የሚሻገሩትን ልጆቻችንን ያሰበ ሰው ስለዚህ ውሃ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። በታኅሣሥ 2024 ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ ማኦሬን ሲመታ፣ ወረቀት የሌላቸው ብዙዎች እንያዛለን ብለው ፈርተው መጠለያ ሳይገቡ መቅረታቸው ተዘግቧል። በቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ሆነው ነፋሱን ጠበቁት።

ደስ ያለኝን ነገርም ሳልናገር አላልፍም። በ2022 ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኮሞሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች፤ ጋናን 3 ለ 2 አሸንፋ ከምድቧ አለፈች። ከአዘጋጇ ካሜሩን ጋር ስትገናኝ በረኞቿ በኮቪድና በጉዳት አልቀው ነበር። ተከላካዩ ሻከር አልሃዱር በረኛ ሆኖ ቆመ። በሌላ ሰው መለያ ላይ የራሱን 3 ቁጥር በፕላስተር ለጥፎ ገባ። ቡድኑ ገና በጊዜ ተጫዋች በቀይ ካርድ አጥቶ በ10 ሰው ተጫወተ፤ 2 ለ 1 ብቻ ተሸነፈ። እኛም በዚያው ውድድር ነበርን፤ ያንን ጨዋታ ግን ልቤ ለእነሱ ነበር። በዓመቱ የካቲት ላይ የኮሞሮሱ ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትን ሊቀመንበርነት ሲረከቡ፣ በቴሌቪዥን አራት ኮከብ ያለውን ባንዲራ አይቼ ቆም አልኩ።

ያ ቪዲዮ አሁንም በየዓመቱ ኅዳር ላይ ገጼ ላይ ይመጣል። ዘንድሮም መጣ። አውሮፕላኑን ልይ ብዬ ከፈትኩት፤ ዓይኔ ግን ወደ ውሃው ሄደ። አውሮፕላኑ የወደቀባት ንጋዚጃ ወጣት ስለሆነች የባሕር ውስጥ ቁልቁለቷ ገደል ነው፤ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ወለሉ ይጠፋል። በደሴቲቱ ምዕራባዊ ጎን፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ላቫው የሠራቸው ዋሻዎች አሉ፤ ጎምቤሳ ቀኑን በነዚያ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። ሲመሽ ይወጣል፤ አንዳንዴ አፉን ወደ ታች ጅራቱን ወደ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ከላዩ አንድ ሰው በጋላዋ ተቀምጦ ድንጋይ ያሰረበትን መንጠቆ ይለቃል። ገመዱ በጣቶቹ መሃል እያለፈ ይወርዳል፣ ይወርዳል።