ሳይመረምሩ መፍረድ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዳሩ ግን ምሳሌውን ማወቅ ሌላ፥ በሚያስፈልግበት ጊዜ ማስታወስ ሌላ መሆኑን ያስተማረን አንድ የዛገ ብሎን ነው።

በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የእኅታችን ልጅ መኪናችንን ተውሶ ደብረ ብርሃን ደርሶ ተመለሰ። ሲያስረክበን የቤንዚኑ መለኪያ ወደ ባዶው ተጠግቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቁልፉን ብናዞር ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አልነሣ አለ። ቤንዚን ብንጨምርም ለውጥ አላገኘንም። ቁልፉ እንደ ተከፈተ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሴኮንድ ያህል በደንብ ይሰማ የነበረው የቤንዚን ፓምፕ ድምፅም ደክሞ ነበር።

ይህ ፓምፕ በቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራና በዚያው ቤንዚን የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፥ ነዳጅ እያለቀ መንዳት እንደሚጎዳው ሰምተን ነበር፤ ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን ይህችን ጥቂት ዕውቀት ይዘን ልጁን ጠራንና «ፓምፑን ያቃጠልኸው አንተ ነህ» አልነው። እርሱም «ጋሼ፥ ሳይመረመር በምን ታወቀ?» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እናቱም ሰምታ አዘነች፤ እንደ ልማዳቸው እሑድ ለቡና ሳይመጡ ሁለት ሳምንት አለፈ። እኛም ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ገንዘብ ቀንሰን አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ቆረጥን።

ከመግዛታችን አስቀድሞ ግን አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራን። ታሪኩን ከሰሙ በኋላ «ሠራተኛ ቀለቡ መድረሱ ሳይታወቅ ሰነፍ አይባልም» አሉን።

በመጀመሪያ ፊውዙን አውጥተው አዩ፤ ደኅና ነበር። ቀጥለውም የፓምፑን ሪሌ ነቅለው፥ ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን የክላክሱን ሪሌ በስፍራው ሰኩ፤ አሁንም ለውጥ የለም። ከዚያም በሪሌው ማስቀመጫ ላይ 30 እና 87 የተባሉትን ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው ሽቦ አገናኝተው ፓምፑ ሳያቋርጥ እንዲሠራ አደረጉና በመሰኪያው ላይ በቴስተር ለኩ። ባትሪው 12.2 ቮልት ሲኖረው ለፓምፑ የሚደርሰው 8.1 ቮልት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎም የቴስተሩን አንድ ጫፍ በፓምፑ ኔጌቲቭ፥ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ቢያሳርፉ 3.8 ቮልት ተነበበ። ይህ ልክ በደኅና መሥመር ከጥቂት አሥረኛ ቮልት አይበልጥም። ኃይሉ የሚባክነው በመመለሻው መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

«በሽታው ማሳው ነው» አሉ። ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረበት ብሎን በክረምቱ ውኃ ዝጎ ተገኘ። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፤ አጥብቀው አሰሩትና ግራሶ ቀቡት። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ጠንክሮ ጮኸ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ።

አንባቢ ሆይ፥ ፓምፑ ሥራ ላይ ሳለ መለካቱን አስተውል። ሥራ ላይ ሳይሆን ቢለካ ኖሮ በዛገው ማሳም ቢሆን 12 ቮልት ሊነበብ ይችል ነበርና እንታለል ነበር። ደግሞም የተቃጠለ ፊውዝ ከልኩ በሚበልጥ ፊውዝ አይተካም፤ ሽቦው ግሎ እሳት ያስነሣልና። ቤንዚን በሚሸትበት ስፍራም ሽቦ ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ እኅታችን ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ብዙ ቃል አዘጋጅተን ነበር፤ በደጁ ስንደርስ ግን «ልጃችን፥ በድለንሃልና ይቅር በለን» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣንም። እርሱም ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልንና «ታዲያ ጋሼ፥ መኪናው ተነሣ?» አለን። እኅታችን ምንም ሳትናገር ቡናውን ልትቆላ ገባች።

የዛገው ብሎን የተጠረገው በግማሽ ሰዓት ነው። እኛ በአንድ ቃል ያበላሸነው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይጠገን ቆይቶ ነበር። እንግዲህ በቤታችን አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜ ሰውን ከመክሰሳችን በፊት ሽቦውን እስከ ሥሩ እንከተል።