የአራስ ቤቱ አጃ

ሐዋሳ ውስጥ ሱቅ ገብቶ «አጃ አለ?» ለሚል ሰው ከመደርደሪያ የሚወርድለት ከውጭ የመጣ፣ ተዳምጦ የታሸገ እህል ነው። መልካም ምግብ ነው፤ ግን እናቶቻችን ለአራስ የሚያገነፉት አጃ እሱ አይደለም። የእነሱ አጃ የስንዴ ወገን ነው፤ ያውም ከስንዴዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ።

ይህ እህል በመካከለኛው ምሥራቅ መዘራት ከጀመረ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የፈርዖኖቹ ግብፅ በእሱ ዳቦም ቢራም ትሠራ ነበር። ግሪኮች ግብፅን ከያዙ በኋላ ግብፃውያን በሌላ ስንዴ ተኩት። የባሌ፣ የአርሲ፣ የሸዋና የወሎ ደገኛ ግን እስከ ዛሬ ይዘራዋል፤ ማሳው እየጠበበ ቢሄድም።

ለምን ጠበበ? ሌላው ስንዴ አውድማ ላይ ሲበራይ ፍሬው ከገለባው ይለያል። አጃ ግን በሙቀጫ ካልተፈተገ ገለባውን አይለቅም። ፈታጊዎቹ ሴቶች ናቸው። የድሮ እህል ስናወድስ ይህን የክንድ ድካም መርሳት የለብንም፤ አንዲት እናት የሚቀልላትን ስንዴ ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል? በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቀረበ። ኮምባይነር ተከተለ። ከተማው ደግሞ ፍርኖ ዱቄት ይፈልጋል። ገበሬው በሄክታር ብዙ የሚሰጠውን ዘራ፤ ልክም ነበር።

ግን ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ «ዲገሉ» የተባለውን ምርጥ ስንዴ የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ አወደመው። ሰፊ መሬት አንድ ዓይነት ዘር ሲለብስ አንድ በሽታ ይበቃዋል። ዋግን ለመቋቋም ዓለም ቀደም ሲል የተማመነው ደግሞ በማን መሰላችሁ? በዚሁ በአጃ ወገን። አሜሪካዊው ኤድጋር ማክፋደን ከሩሲያ የመጣ አጃን ከዳቦ ስንዴ ጋር አዳቅሎ «ሆፕ» የተሰኘውን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አወጣ። ከዚያ የተገኘው ዘረመል ዛሬም በብዙ አገር ስንዴ ውስጥ አለ።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ በስንዴያችን ዓይነት ብዛት ተደንቋል። ይህን ሀብት ለማቆየት እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት ብለው ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ማቀዝቀዣ ዘሩን ያቆያል፤ አዘራሩን፣ አፈታተጉንና ገንፎውን ግን አያቆይም።

ጣልያኖች ይህንኑ እህል «ፋሮ» ብለው ይሸጡታል፤ የጋርፋኛና ፋሮ በአውሮፓ ሕግ የአካባቢ ስም ጥበቃ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። መፈተጊያ ማሽን አላቸው፣ ገዢ አላቸው። የእኛ አጃ የጎደለው ይኸው ነው። መፈተጊያ ማሽን መሥራት ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ከባድ አይመስለኝም። ገዢው ግን እኛ ነን። ሻሸመኔ ቅርብ ናት፤ የአርሲና የባሌ እህል ወደ እኛ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ቤታችሁ አራስ ካለች የእህል ነጋዴያችሁን የደጋውን አጃ ጠይቁት፤ ከሌለው እንዲያመጣ እዘዙት። ሐዋሳ ውስጥ የሚሸጥበትን ቦታ የምታውቁ ደግሞ እባካችሁ እዚህ ሥር ጻፉልን።